ቤንዚኑን አልገዛም ያለ ባለ ጀልባ ማንን ይጎዳል?

ገዢ ቅር ያለው እንደ ሆነ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ መብቱ ነው። ይህ መብት ማንም ሕግ ሳይጽፍለት ከጥንት ጀምሮ በየገበያው ሲሠራበት የኖረ ነው። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ በደጁ ሰው አይቆምለትም፤ ሙዝ የቀላቀለችበትን ቅቤ ለገበያ ያወጣች ሴትም ወሬዋ ከተሰማ በኋላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅቤዋን እንደ ተሸከመች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቅጣቱ ቀጥተኛ ነው። ያጠፋው ሻጩ ነው፤ የሚከስረውም እርሱ ራሱ ነው።

ነገር ግን ሻጩ በአንድ መደብ ላይ የተቀመጠ ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ዘይቱን በአንድ ባሕር ቆፍሮ፣ በሌላ አገር አጣርቶ፣ በሦስተኛው አገር በሰው እጅ የሚሸጥ ኩባንያ በሆነ ጊዜ ይህ የቆየ የገበያ ቅጣት እንደ ቀድሞው ይሠራልን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ልናነሣ የወደድነው፣ በወንበር ላይ ተቀምጠው የሕዝብን ጉዳይ ለመመርመር የተሰናዱ ወጣቶች ሁሉ አንድ ቀን በአንድ መልክ የሚገጥማቸው ጥያቄ ስለ ሆነ ነው። ለምርመራችንም ይረዳን ዘንድ ጉዳዩ በግልጽ የታየበትን አንድ ቦታና አንድ ዘመን መርጠናል። ቦታው የአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ የሚያዋስነው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰዎቹ ለመዝናናት በጀልባ የሚጓዙና ዓሣ የሚያጠምዱ ባለ ጀልባዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የነገሩ መነሻ

ሚያዝያ (ኤፕሪል) 20 ቀን 2010 ማታ ከሉዊዚያና ጠረፍ ማዶ በጥልቅ ባሕር ላይ ይሠራ የነበረው ዲፕ ወተር ሆራይዘን የተባለው የመቆፈሪያ መድረክ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። መድረኩም ለሁለት ቀን ከነደደ በኋላ ሰጠመ። ከባሕሩ ወለል የተከፈተው የዘይት ጉድጓድ እስከ ሐምሌ (ጁላይ) 15 ቀን ድረስ፣ ማለት 87 ቀን ሙሉ ዘይቱን ወደ ባሕሩ ሲተፋ ቆየ። በኋላ ፍርድ ቤት አጣርቶ እንደ ወሰነው ወደ ባሕሩ የገባው ዘይት 3.19 ሚሊዮን በርሜል ነው።

የጉድጓዱ ዋና ባለቤት ቢ.ፒ. የተባለው መቀመጫው በለንደን የሆነው የዘይት ኩባንያ ነበረ። መድረኩ ግን የትራንስ ኦሽን ሲሆን፣ ጉድጓዱን በሲሚንቶ የመድፈኑ ሥራ የሃሊበርተን ነበረ። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የሦስት ኩባንያ ሆኖ ሳለ በማደያ በር ላይ ስሙ የተሰቀለው የአንዱ ብቻ ነው።

በዚህ መዓት ባለ ጀልባዎች የደረሰባቸው ጉዳት ቀላል አልነበረም። ሰኔ (ጁን) 2 ቀን 2010 የአሜሪካ መንግሥት በባሕረ ሰላጤው ከሚያስተዳድረው ውሃ 37 በመቶው፣ ይኸውም ወደ 229,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ለዓሣ አጥማጅ ሁሉ ተዘጋ። ውሃው ሙሉ በሙሉ እንደገና የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ነው። በኋላ የመንግሥት ባለ ሙያዎች ባደረጉት ግምት በዚህ ዘይት ምክንያት ሰዎች ሊዝናኑባቸው ሲችሉ የቀሩት የጀልባ፣ የዓሣ ማጥመድና የባሕር ዳርቻ ቀኖች ከ16 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ኪሳራው በገንዘብ ሲተመን 693 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኗል።

በዚህ ላይ ቁጣን የሚያባብስ ነገር ተጨመረ። ሰኔ 19 ቀን፣ ጉድጓዱ ገና ሳይደፈን፣ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ቶኒ ሄይዋርድ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ዙሪያ በተደረገው የጀልባ እሽቅድምድም ላይ የራሳቸው ጀልባ ሲወዳደር ተገኝተው ተመለከቱ። የሉዊዚያናና የአላባማ ባለ ጀልባ ጀልባውን ከወደብ አስሮ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ባሕሩን ያበላሸው ኩባንያ አለቃ በንጹሕ ውሃ ላይ ሲዝናኑ መታየታቸው ምን ዓይነት ስሜት እንዳሳደረ መገመት አያስቸግርም።

አልገዛም የሚለው ድምፅ

ከዚያም «የቢ.ፒ.ን ቤንዚን አንግዛ» የሚል ድምፅ ተነሣ። ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሸማቾች ማኅበር ቢያንስ ለሦስት ወር ከዚህ ኩባንያ እንዳይገዛ ጥሪ አቀረበ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ስማቸውን በአድማው መዝገብ አሰፈሩ። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ባለ ጀልባዎች ነበሩባቸው፤ ከባለ መኪናው ይልቅ ጉዳዩ ይበልጥ የሚነካው ባለ ጀልባው ነውና። መኪና የሚነዳ ሰው የተበላሸውን ባሕር በሥዕል ያየዋል፤ ባለ ጀልባው ግን በጀልባው ጎን ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል።

እንግዲህ ቁጣው ትክክል እንደ ነበረ አንከራከርም። የምንመረምረው ቁጣው የተወረወረው ድንጋይ ማን ላይ እንዳረፈ ነው። ስለዚህ የአንዱን ባለ ጀልባ ዶላር ከኪሱ ከወጣችበት ጊዜ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንከተላት።

የመጀመሪያው ደረጃ ማደያው ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የቢ.ፒ.ን ስምና አረንጓዴ ምልክት የሰቀሉ ማደያዎች ከ10,000 በላይ ነበሩ። የነዚህ የሚበዙቱ ባለቤት ግን ቢ.ፒ. አልነበረም። ኩባንያው ማደያዎቹን ለግል ነጋዴዎች እየሸጠ ከችርቻሮው ሥራ መውጣት የጀመረው ከፍንዳታው በፊት ነው። ባለ ማደያው በስሙ ለመጠቀምና ቤንዚኑን ከእርሱ ለመግዛት ለብዙ ዓመት ውል የተዋዋለ የሰፈር ነጋዴ ነው። ውሉን አፍርሶ ምልክቱን ልጣል ቢል ለመብራቱና ለቀለሙ የተቀበለውን ገንዘብ መልስ ይባላል። ከአንድ ጋሎን ቤንዚን የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ስለ ሆነ ቤቱን የሚያስተዳድረው በይበልጥ ቡናና ለስላሳ፣ ለዓሣ አጥማጅም በረዶና ማጥመጃ በመሸጥ ነው። እንግዲህ ደንበኛው ማደያውን አልፎ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚቀረው የዚህ ሰው ቡናና በረዶ ነው። ከፍሎሪዳ እስከ ኢሊኖይ ያሉ አንዳንድ ባለ ማደያዎች በዚያ በጋ ሽያጫቸው ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደ ቀነሰባቸው ተናግረዋል። በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ የነበሩት ደግሞ ቱሪስቱ በዘይቱ ምክንያት ስለ ቀረባቸው ሁለት ጊዜ ተመቱ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ነው።

ቤንዚኑ የማን ነው?

ሁለተኛው ደረጃ ቤንዚኑ ራሱ ነው። ብዙ ሰው በማደያው በር ላይ የተሰቀለው ስም ቤንዚኑን ከቆፈረው፣ ካጣራውና ካመጣው ኩባንያ ጋር አንድ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ማጣሪያዎች ያወጡት ቤንዚን ደረጃው አንድ እስከ ሆነ ድረስ በጋራ ቧንቧ ይላካል። ከቴክሳስ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ አካባቢ የሚደርሰው ኮሎኒያል የተባለው ቧንቧ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በቧንቧው ጫፍ ባለው ማከማቻ ቤንዚኑ በአንድ ጋን ውስጥ ይቀላቀላል። ቦቴው ለመጫን በቀረበ ጊዜ የየኩባንያው መለያ የሆነው የሞተር ማጽጃ ቅመም በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ ወይም የዚያ ማርካ ቤንዚን ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ቢ.ፒ.ን ትቶ መንገድ ተሻግሮ ከሌላው ማደያ የቀዳ ሰው ቢ.ፒ. ያጣራውን ቤንዚን በሌላ ስም ቀድቶ ሊሆን ይችላል። ያ ሌላው ኩባንያም ደንበኛ ሲበዛበትና የራሱ ቤንዚን ሲያንሰው ከጅምላ ገበያ ይገዛል፤ በጅምላ ገበያ ላይ ከሚሸጡት አንዱ ደግሞ ያው ቢ.ፒ. ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ኩባንያው ገንዘቡን የሚያገኝበት ምንጭ ነው። ቢ.ፒ. በ2010 በቀን ከ3.8 ሚሊዮን በርሜል ያላነሰ ዘይትና ጋዝ ያወጣ ነበር። ይህ ዘይት በዓለም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ይሸጣል። በአላባማ ወደብ አንድ ባለ ጀልባ ከማን እንደ ቀዳ የዓለም ገበያ አያውቅም፤ ባለ ጀልባው የነዳጁን መጠን እስካልቀነሰ ድረስ ከመሬት የሚወጣው ድፍድፍ ዘይት መጠን አይለወጥም።

በዚህ ላይ የስሞቹ ብዛት አለ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ምዕራብ የነበረው አርኮ የተባለው ማርካ የቢ.ፒ. ነበረ። ካስትሮል የተባለው የሞተር ዘይትም የቢ.ፒ. ነበረ። እንግዲህ «ቢ.ፒ.ን በጀልባዬ አላስገባም» ብሎ የማለ ሰው ቤንዚኑን ከሌላ ቀድቶ በሞተሩ ውስጥ ካስትሮል ቢጨምር መሐላውን ሳያውቅ አፈረሰ ማለት ነው።

ወደብ እንደ መንገድ አይደለም

እስካሁን ያልነው ለባለ መኪናም ይሠራል። ባለ ጀልባውን የሚለየው ሌላ ችግር አለበት። በመኪና መንገድ ግራና ቀኝ ማደያ ተደርድሯል፤ በጀልባ ማቆሚያ ወደብ ግን የነዳጅ መቅጃው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ጀልባውን በተጎታች ጋሪ ላይ ጭኖ በመንገድ ዳር ካለው ማደያ መቅዳት ይችላል፤ እንዲያውም ዋጋው ስለሚረክስለት ብዙዎቹ እንደዚህ ያደርጋሉ። ትልቁ ጀልባ ግን ከውሃ አይወጣም። ከወደቡ ያለውን መቅጃ ከጠላ ወደሚቀጥለው ወደብ መሄድ አለበት።

ይህም ሒሳብ አለው። ባለ ሙያዎች እንደሚገምቱት ባለ 200 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሄድ በሰዓት ወደ 20 ጋሎን፣ ማለት 75 ሊትር ገደማ ይበላል። አንድን ማርካ ላለመግዛት ሲል ወደ ሌላ ወደብ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ግማሽ ሰዓት የሚመለስ ጀልባ 75 ሊትር ቤንዚን በከንቱ አቃጠለ። ያንን 75 ሊትር መልሶ ሲገዛ ደግሞ ጥቅሙ ለአጠቃላዩ የዘይት ንግድ ነው።

ሌላም አለ። በአሜሪካ በመኪና ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኤታኖል ውሃ ይስባል። በጀልባ ጋን ውስጥ ለሳምንታት የተቀመጠ ቤንዚን እርጥበት ከበዛበት ኤታኖሉና ውሃው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሞተሩም በባሕር መካከል ይቆማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለ ጀልባ ኤታኖል የሌለበትን ቤንዚን ወይም ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ጋን ያለውን ወደብ ይፈልጋል። በባሕር ላይ የሞተር መቆም የሕይወት ጉዳይ ነውና፣ የነዳጁን ጥራት ትቶ የማርካውን ስም ብቻ መከተል ብልኅነት አይሆንም።

ታዲያ አድማው ከንቱ ነበረን?

እንዲህ ስንል «እንግዲያው የሕዝብ ቁጣ ዋጋ የለውም» ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን። ባራዥ፣ ቺንና ሄስቲንግስ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከፍንዳታው በኋላ የቢ.ፒ. ማደያዎች የሚሸጡት መጠን በ4.2 በመቶ፣ ከጋሎን የሚያተርፉት ደግሞ በ2.9 ሳንቲም እንደ ቀነሰ አረጋግጠዋል። ሕዝቡ ቅጣት ለመቅጣት ሞክሯል፤ ቅጣቱም ታይቷል። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ገለጸ። ቢ.ፒ. ከ2000 እስከ 2008 ድረስ ስለ ተፈጥሮ የሚያስብ ኩባንያ መስሎ ለመታየት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት የማስታወቂያ ዘመቻ ነበረው። ማስታወቂያው በርትቶ በነበረበት አካባቢ በዋጋ የታየው ቅጣት ለዘብ ያለ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ትንሽ ያሳዝናል፤ አረንጓዴ ቀለም መቀባት ጉድጓድን በደንብ ከመድፈን ይልቅ ርካሽ የመድን ዋስትና ሊሆን ይችላል ማለት ነውና።

የነዳጅ ማርካን መተው ውጤት ያመጣበትም ጊዜ አለ። በ1995 ሼል የተባለው ኩባንያ ብሬንት ስፓር የሚባለውን ያረጀ የዘይት ማከማቻ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ለማስጠም አሰበ። ግሪንፒስ የተባለው ማኅበር ተቃወመ፤ በተለይ በጀርመን አገር ባለ መኪኖች የሼልን ማደያ እየተዉ ሄዱ፤ የጀርመን መንግሥትም ጉዳዩን ለእንግሊዝ መንግሥት አነሣ። ሰኔ 20 ቀን 1995 ሼል አሳቡን ለወጠ። ማከማቻው ወደ ኖርዌይ ተጎትቶ፣ ተቆራርጦ፣ በ1999 የመርከብ ማቆሚያ መሠረት ሆነ። በ1998ም በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ዙሪያ ያሉት መንግሥታት ያረጁ የዘይት መድረኮች በባሕር እንዳይጣሉ የሚከለክል ውሳኔ አወጡ።

ይህ አድማ ስለ ምን ተሳካ? መልሱ በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር፤ «ይህን ነገር አታስጥሙ» የሚል ነው። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ለመፈጸም ሥልጣን የነበረው ያው አድማ የተደረገበት ኩባንያ ነው። ሦስተኛ፣ ነገሩ ገና አልተፈጸመምና ሊታገድ ይችል ነበር። በዚህም ላይ እንኳ ግሪንፒስ በማከማቻው ውስጥ ቀርቷል ያለው የዘይት መጠን የተጋነነ ስለ ነበረ በዚያው ዓመት በመስከረም ይቅርታ ጠይቋል። ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር እሙን ነው፤ ነገር ግን ድሩን የሚያብሩት ሰዎች አንበሳውን በትክክል መለየት አለባቸው።

ይህን መለኪያ ወደ 2010 ስናመጣው ልዩነቱ ይታያል። የቢ.ፒ. አድማ ጥያቄ ምን ነበረ? «ጉድጓዱን ድፈኑ» ቢባል ኩባንያው ራሱ ሌት ተቀን የሚመኘው ነገር ነበር። «ካሣ ክፈሉ» ቢባል ጉዳዩ በሕግና በፍርድ ቤት የተያዘ ነበር። «ምን ብታደርጉ ተመልሰን እንገዛለን» የሚል ቃል አልነበረበትም። መጨረሻው ያልታወቀ አድማ በመጨረሻ ይሰለቻል እንጂ አያሸንፍም።

የራስን ጀልባ መመልከት

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር ደርሰናል። በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ጥናት በሰው ሥራ ምክንያት በየዓመቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ባሕሮች ከሚገባው ዘይት ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከየብስ በጎርፍ ታጥቦ ከሚወርደው፣ ከተበከሉ ወንዞች፣ ከአውሮፕላኖች፣ እንዲሁም ከትናንሽ ጀልባዎችና ከውሃ ሞተር ብስክሌቶች የሚመጣ ነው። ከታንከር መርከብና ከቧንቧ የሚፈሰው ከ8 በመቶ ያንሳል። እርግጥ ነው፣ በ2010 የሆነው ከልክ ያለፈ ነበረ። ነገር ግን በየዓመቱ ያለ ፍንዳታና ያለ ወሬ የሚፈሰው ብዙ ነው።

ከዚህም ውስጥ የባለ ጀልባው ድርሻ ስም አለው። በድሮው ካርቡሬተር የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ከአራት እጅ አንዱን ያህል ሳያቃጥል ከጭስ ጋር ወደ ውሃው ይተፋል። አሥር ሊትር የቀዳ ሰው ሁለት ሊትር ተኩሉን ለዓሦች ሰጠ ማለት ነው። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መካከል ባለው በታሆ ሐይቅ ላይ ይህ ዓይነቱ ሞተር ከ1999 ጀምሮ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1996 ባወጣው ደንብ አዳዲስ የጀልባ ሞተሮች ጭሳቸው እንዲቀንስ አስገድዷል።

እንግዲህ ከሚያፈስ ሞተሩ ጀርባ ተቀምጦ የሌላውን ማርካ የሚረግም ሰው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለችውን ሴት ይመስላል። አሮጌውን ሞተር ያደሰ፣ ነዳጅ ሲቀዳ እንዳይፈስ ጨርቅ የያዘ፣ ጀልባውን በዝግታ የነዳ ባለ ጀልባ፣ ከማንኛውም ማርካ ቢገዛ፣ ለባሕሩ ያደረገው ነገር በእጁ የሚቆጠር ነው። ነዳጅ በመቀነሱም የሁሉንም ኩባንያ ዘይት ባንድነት ቀነሰ፤ ይህ አድማ ማንም የሰፈር ነጋዴ ላይ በተለይ አያርፍም።

ኩባንያውን የደረሰበት ምንድር ነው?

ቢ.ፒ.ን በእውነት ያስደነገጠው ምን እንደ ሆነ መመልከት ለወጣት ሹማምንት በተለይ ይጠቅማል። ሰኔ 16 ቀን 2010 ከፕሬዚዳንቱ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ለካሣ የሚውል 20 ቢሊዮን ዶላር ለማስቀመጥ ተስማማ፤ ለባለ አክሲዮኖቹ የሚከፍለውንም ትርፍ አቆመ። በ2012 በ11ዱ ሠራተኞች ሞት ጥፋተኛነቱን አምኖ 4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2014 ዳኛ ካርል ባርቢየር ኩባንያው ከባድ ቸልተኛነት እንዳሳየ ፈርደው ጥፋቱን ሲያከፋፍሉ 67 በመቶውን ለቢ.ፒ.፣ 30 በመቶውን ለትራንስ ኦሽን፣ 3 በመቶውን ለሃሊበርተን ሰጡ። በ2016 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የመንግሥታቱ ስምምነት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህም ውስጥ እስከ 8.8 ቢሊዮን ዶላር የሚደርሰው ለተበላሸው ተፈጥሮ ማደሻ የተመደበ ሲሆን፣ የባለ ጀልባውና የዓሣ አጥማጁ የጠፋ መዝናኛ በሒሳቡ ገብቶበታል። ከማደያው የ4.2 በመቶ ቅናሽ ጋር ሲመዛዘን የትኛው ክንድ ረዥም እንደ ሆነ ለማየት መነጽር አያሻም።

ዳኛው ጥፋቱን በሦስት ከፍለው መስጠታቸውን ልብ ይሏል። ማደያ የሌላቸውን ሁለቱን ኩባንያዎች ማንም ገዢ በአድማ ሊቀጣቸው አይችልም ነበር፤ ሕግ ግን አገኛቸው።

መንግሥትም ራሱን መርምሯል። ከፍንዳታው በፊት ከዘይቱ ኪራይ የሚሰበስበውና የቁፋሮውን ደኅንነት የሚቆጣጠረው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ገቢ እንዲበዛ የሚፈልግና ሥራ እንዲቆም ማዘዝ የሚገባው ሰው አንድ ሲሆን የትኛው ፈቃድ እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። በ2011 ሥራው ተከፋፍሎ ደኅንነትን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያም በፊት በ1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለው መርከብ በአላስካ ዘይት ባፈሰሰ ጊዜ ብዙ ሰዎች የኤክሰንን የዱቤ ካርዳቸውን ቆራርጠው ጥለው ነበር። ዛሬ ድረስ በባሕር ላይ የሚታየው ውጤት ግን የተገኘው ታንከሮች ባለ ሁለት ግድግዳ እንዲሆኑ ካስገደደው የ1990ው ሕግ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለከትም ከዚህ የሚገናኝ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ነዳጅ ለብዙ ዓመታት የገባው በአንድ የመንግሥት ድርጅት በጅምላ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው። በየማደያው የተሰቀሉት ስሞች ልዩ ልዩ ቢሆኑም የተቀዳው ከአንድ ምንጭ ነበር። በ2008 የሼል ማደያዎች ወደ ኦይል ሊቢያ በተዛወሩ ጊዜም ሰሌዳው ተለወጠ እንጂ የሚቀዳው ቤንዚን የሚመጣበት መንገድ አልተለወጠም። ስለዚህ በሰሌዳው ስም ላይ ብቻ የተመሠረተ ውዴታም ሆነ ጥላቻ በእኛም ዘንድ መሠረቱ ስስ ነው።

የምንሰጠው አሳብ

አንድን የነዳጅ ማርካ አልገዛም ማለት ለባለ ጀልባ ትርጉም አለውን? እኛ እንደምናየው፣ ለኅሊናው ሲል ብቻ ለሚያደርገው ሰው መብቱ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ሰው ከሚጸየፈው እጅ አለመግዛቱ የክብሩ ጉዳይ ነው። ኩባንያን ለመቅጣት ወይም ባሕርን ለማዳን አስቦ የሚያደርገው ከሆነ ግን በ2010 እንደ ታየው ያለው አድማ መሣሪያው ዶልዱሟል።

ስለዚህ ለአድማ የሚነሣ ሰው አራት ጥያቄዎችን ራሱን ይጠይቅ። የማልከፍላት ገንዘብ የማን ኪስ ውስጥ ትጎድላለች? በምትኩ የምገዛው ነገር በእርግጥ ከሌላ ምንጭ የመጣ ነውን? የምጠይቀው ነገር ምንድር ነው፤ ሲፈጸም አድማው ያበቃልን? እኔስ በገዛ እጄ የማፈሰው ምን ያህል ነው? ለአራቱም በጎ መልስ ያገኘ እንደ ሆነ አድማው ይበርታለት፤ ብዙ ጓደኛም ይፈልግ። መልሱ የጎደለበት ግን ጉልበቱን ወደ ሌላ ያዙር። የደረሰበትን ኪሳራ ጽፎና ቆጥሮ ለካሣ ያቅርብ፤ ከመሰሎቹ ጋር ተሰብስቦ የደኅንነት ደንብ እንዲወጣና እንዲከበር ለእንደራሴው ይጻፍ፤ ሞተሩን ያድስ።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። ሕዝብ ተቆጥቶ አንድን ሰሌዳ ሲያወግዝ ቁጣውን ማናናቅ አይገባችሁም፤ ቁጣው የጉዳት ምልክት ነውና። የእናንተ ሥራ ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለውን ውል፣ ቧንቧና ሒሳብ መርምራችሁ ጥፋተኛውን በትክክል ማግኘት ነው። በ2010 በጋ በበሩ ላይ ሰው ያጣው ባለ ማደያ ጉድጓዱን አልቆፈረም፤ የጉድጓዱ ቆፋሪዎችም ያገኛቸው ሰነዱን ገጽ በገጽ ያገላበጠ ዳኛ ነው።